ለኪቦርድ የሚሆን ፓወርድ ስፒከር እንዴት ይመረጣል? ከሱቁ እስከ ድንኳኑ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስፒከር ገዝተው የሚያማርሩ የኪቦርድ ተጫዋቾች ቅሬታቸው አንድ ነው፦ «ሱቅ ውስጥ ጥሩ ነበር፤ ሰርጉ ላይ ግን ፒያኖው ታፈነ፣ ባሱ አጉረመረመ፣ ከፍ ሳደርገው ተሰነጠቀ»። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ከአሞካከሩ ይጀምራል። ሱቅ ውስጥ የተከፈተው ከስልክ የወጣ ዘፈን ነው። የተቀዳ ዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ ተስተካክሎ ያለቀ ድምፅ ስለሆነ በየትኛውም ስፒከር ደህና ይሰማል። ኪቦርድ ላይ ግን ሪትም ከፍታችሁ በሁለት እጅ ስትመቱ ከበሮው፣ ባሱ፣ ኮርዱና ዜማው ያለ ምንም ማለስለሻ በአንድ ጊዜ ስፒከሩ ላይ ያርፋሉ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይለይ። ፓወርድ ወይም አክቲቭ የሚባለው አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለ፣ የመብራት ገመድ በቀጥታ የሚሰካበት ነው። በተለምዶ «ሞንታርቦ» ከምንላቸው መካከል የውጭ አምፕሊፋየር የሚፈልጉም አሉ። ጀርባው ላይ የመብራት መሰኪያ ከሌለ ፓሲቭ ነውና ይህ መመሪያ አይመለከተውም።

ደረጃ 1፦ ሥራችሁን ለኩ

አራት ነገር በወረቀት ጻፉ። በቃላችሁ ከያዛችሁት ሱቅ ስትገቡ ይጠፋችኋል።

1. የቦታው ርዝመት። ብዙ ጊዜ የምትጫወቱበትን ቦታ ከስፒከሩ ማቆሚያ እስከ መጨረሻው ወንበር በሜትር ለኩ። ሜትር ከሌለ በእርምጃ ይሁን፤ የአዋቂ ሰው እርምጃ 75 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በዓመት አንዴ ለሚገጥም ትልቅ ሜዳ ብላችሁ አትግዙ፤ ያን ቀን ተከራዩ።
2. የሚሰማው ሰው። ስፒከሩ ለታዳሚው ነው ወይስ ራሳችሁን ለመስማት? ለራሳችሁ ከሆነ ርቀቱ ሁለት ሜትር ስለማይሞላ ትንሹ ይበቃል።
3. ከኪቦርዱ የሚወጣው ድምፅ። ለዘማሪ ፒያኖና ስትሪንግ ብቻ ማጀብ አንድ ነገር ነው። ብቻችሁን ሙሉ ባንድ ሆናችሁ ከበሮና ባስ ከኪቦርዱ እያወጣችሁ ማስጨፈር ሌላ ነው። ሁለተኛው ስፒከሩን ብዙ እጥፍ ያደክመዋል።
4. የሚሸከመው ሰው። ባጃጅ ከማይደርስበት የደሴ ዳገት ላይ 20 ኪሎ ተሸክሞ የወጣ ሰው ይህን ጥያቄ አይረሳም።

ደረጃ 2፦ የኪቦርዳችሁን ጀርባ አንብቡ

ኪቦርዱን ገልብጡና ምን መውጫ እንዳለው እዩ። ሦስት ዓይነት ያጋጥማችኋል።

ሁለት መውጫ ያለው፦ አንዱ ላይ «ኤል/ሞኖ»፣ ሌላው ላይ «አር» ተጽፎበታል። በአንድ ስፒከር ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ገመዱን ኤል/ሞኖው ላይ ብቻ ስኩ። «አር» ላይ ምንም ካልተሰካ ኪቦርዱ ራሱ ሁለቱን ድምፅ አደባልቆ በዚያ በኩል ያወጣዋል። «አር» ላይ ብቻ ከሰካችሁ ግማሹ ድምፅ ይቀራል።

የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ብቻ ያለው፦ እንደ ያማሃ ፒኤስአር-ኢ ያሉ አነስተኛ ኪቦርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ለእነዚህ አንድ ጫፉ ስቴሪዮ ጃክ፣ ሌላው ጫፉ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሞኖ ጃክ የሆነ ገመድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምትገዙት ስፒከር ቢያንስ ሁለት መግቢያ ይኑረው፤ አንዱን ጃክ ቻናል 1፣ ሌላውን ቻናል 2 ላይ ትሰካላችሁ።

ብሉቱዝ ያለው፦ እርሱት። ድምፁ በብሉቱዝ ሲሄድ ጣታችሁ ከነካ በኋላ ዘግይቶ ይወጣል። ዘፈን ለማዳመጥ ግድ የለም፤ ለመጫወት ግን እጅ ያስራል።

ቁልፎቹንም ቁጠሩ፤ የመጨረሻው የግራ ቁልፍ ስንት ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ኦክታቭ ሳይቀየር ዝቅተኛ ኖታው 65 ኸርዝ ገደማ ነው። ባለ 76ቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 41 ኸርዝ ይወርዳል፤ ባለ 88ቱ ደግሞ 27.5 ኸርዝ ይደርሳል። ባለ 61ም ቢሆን ሪትሙ ውስጥ ያለው ባስ እንደ ባስ ጊታር እስከ 41 ኸርዝ ድረስ ሊወርድ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች ቀጥሎ ይፈለጋሉ።

ደረጃ 3፦ ካርቶኑን ትታችሁ ወረቀቱን አንብቡ

ሻጩ «አብሽር፣ 2000 ዋት ነው!» ይላችኋል። ፈገግ በሉና የቴክኒክ ወረቀቱን ጠይቁ። ከሌለው ሞዴሉን ስልካችሁ ላይ ፈልጉና ከአምራቹ ገጽ አንብቡ። የምትፈልጉት ሦስት ቁጥር ነው።

ዋት። ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ፒክ» የሚባለው፣ ለቅጽበት ብቻ የሚወጣ ጉልበት ነው። በተከታታይ የሚችለው «ኮንቲንየስ» ወይም «አር ኤም ኤስ» ተብሎ በትንሹ ይጻፋል፤ ከፒኩ ግማሽ ወይም ሩብ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው። የኪውኤስሲ ኩባንያን ስፒከሮች ኬ 8.2፣ ኬ 10.2 እና ኬ 12.2 እዩ፤ ሦስቱም 2000 ዋት ፒክ ይባላሉ፤ ከፍተኛ ድምፃቸው ግን በቅደም ተከተል 128፣ 130 እና 132 ዴሲቤል ነው። ዋቱ አንድ ሆኖ ድምፁ ይለያያል።

ከፍተኛ ድምፅ፣ ማለትም «ማክስ ኤስ ፒ ኤል»። ዋናው ቁጥር ይህ ነው። የሚሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ነው፤ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ቀንሱ። ምሳሌ፦ ስፒከሩ 126 ዴሲቤል ከተባለ በ2 ሜትር 120፣ በ4 ሜትር 114፣ በ8 ሜትር 108፣ በ16 ሜትር 102 ነው። ከዚህ ላይ ቢያንስ ሌላ 10 ቀንሱ፤ የተጻፈው የቅጽበት ጫፍ እንጂ ዘፈኑ ሙሉ የሚሄድበት አይደለም። ስለዚህ መጨረሻው ወንበር 16 ሜትር ላይ ከሆነ እዚያ 92 ገደማ ይደርሳል። እንግዳው እየተጫወተ ለሚበላበት ምሳ በቂ ነው። ለጭፈራ ግን መጨረሻ ያሉት «ከፍ አድርገው» ማለታቸው አይቀርም። የተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ስለሚያግዝ የሚቀንሰው ያን ያህል አይሆንም።

ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ፣ ወይም ዋቱ ብቻ በአራት ቀለም ከተጻፈ፣ መልሱ ያ ነው።

የድምፅ ወሰን በኸርዝ። ይህ ስፒከሩ ወደ ታች እስከ የት እንደሚወርድ ይናገራል፤ ደረጃ 2 ላይ ካገኛችሁት የኪቦርዳችሁ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ከቁጥሩ ጎን «-10 ዴሲቤል» ወይም «-3 ዴሲቤል» የሚል አለ። -10 ማለት እዚያ ኸርዝ ላይ ሲደርስ ድምፁ በጣም ደክሟል ማለት ነውና ሁለት ስፒከር ስታነጻጽሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ልኬት መሰጠታቸውን አረጋግጡ። ምንም ካልተጻፈ ቁጥሩን አትመኑት።

ደረጃ 4፦ መጠኑን ምረጡ

ትልቅ ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው፣ ስፋቱ በኢንች የሚለካው ክብ) ሁሉ ወደ ታች ጠልቆ ይወርዳል ማለት አይደለም። የያማሃን ዲቢአር ተከታታይ ውሰዱ። ባለ 10 ኢንቹ በ-10 ዴሲቤል ከ55 ኸርዝ፣ ባለ 12ቱ ከ52፣ ባለ 15ቱ ከ50 ይጀምራሉ። ክብደታቸው ግን 10.5፣ 15.8 እና 19.3 ኪሎ ነው። ከ12 ወደ 15 ስትዘሉ ያገኛችሁት 2 ኸርዝ፣ የተሸከማችሁት 3.5 ኪሎ ነው።

ለኪቦርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፒያኖ፣ የክራርና የዋሽንት ድምፅ ጥራት የሚወሰነው መሃል ላይ ነው። ርካሽ ባለ 15 ኢንች ላይ ትልቁ ዎፈር ከአቅሙ በላይ ወደ ላይ እንዲጫወት ይገደዳል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ትዊተር ደግሞ ወደ ታች መውረድ አይችልም። በመሃላቸው ጉድጓድ ይፈጠራል፤ «ፒያኖው ታፈነ» የሚባለው ይሄው ነው።

8 ኢንች፦ ለራስ መስሚያ፣ ለልምምድ፣ ሳሎን ውስጥ ለማስተማር። ሪትም ከባስ ጋር አትጫኑበት።

10 ኢንች፦ ለፒያኖና ለዘማሪ ማጀቢያ፣ እስከ 60 ሰው ለሚይዝ ክፍል። ብዙ ጊዜ በባጃጅ ለምትንቀሳቀሱ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው።

12 ኢንች፦ ሰርግ ለሚሠራ ሰው መነሻው። ሪትም፣ ባስና አንድ ድምፃዊ በአንድነት ይችላል።

15 ኢንች፦ ጥሩ ከሆነ፣ ሸካሚና መኪና ካላችሁ፣ ሰብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) የመግዛት ሐሳብ ከሌላችሁ።

አንድ ወይስ ሁለት? ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ጥሩ ወይም ለሁለት ርካሽ ከሆነ አንዱን ጥሩ ግዙ። ሁለተኛው በሚቀጥለው የሰርግ ወቅት ይደርሳል። ሞዴሉ እስከዚያ እንዳይጠፋ ግን አሁን ገበያ ላይ በብዛት ያለውን ምረጡ።

ደረጃ 5፦ ወደ ሱቅ የሚያዝ ዕቃ

- የራሳችሁ ኪቦርድ ከነአዳፕተሩ። «ከባድ ነው» ብላችሁ አትተዉት።
- ሁለት የ3 ሜትር ሞኖ ጃክ ገመድ፣ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ብቻ ካላችሁ የተከፈለውን።
- ዲቫይደር።
- ቴስተር ወይም መልቲሜትር።
- የስልክ ባትሪ መብራት፣ ጀርባውን ለማየት።
- ጥሩ ጆሮ ያለው ጓደኛ። እናንተ ስትጫወቱ እሱ 8 ሜትር ርቆ ይሰማል።

ከመክፈላችሁ በፊት «ወንድሜ፣ በራሴ ኪቦርድ ሃያ ደቂቃ ልሞክረው» በሉ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ጋ ያጣችሁትን ሌላው ጋ መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ከሄዳችሁ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ማስቀየር ቀልድ ስላልሆነ ሙከራውን መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ጨርሱ።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ መሞከር

መጀመሪያ ጀርባውን። የኤሌክትሪክ መለያው ላይ 220–240 ወይም 100–240 ቮልት መጻፉን እዩ። 115/230 የሚል መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ተዉት፤ እኛ ጋ ሲሰካ ይቃጠላል።

ቀጥሎ ማስተካከያውን ሁሉ መሃል ላይ አድርጉ፦ ባስና ትሬብል ዜሮ፣ «ሎው ከት» (ባስ መቁረጫው) ጠፍቶ፣ መግቢያው «ላይን» (ለማይክ ሳይሆን ለመሣሪያ የሚሆነው) ላይ። የኪቦርዱን የራሱን ኢኪው (የባስና የትሬብል ማስተካከያ) አጥፉ። ሻጩ ባሱን ከፍ ካደረገላችሁ መልሱት። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ዝምታ። ጌይኑን (የመግቢያውን ድምፅ መጠን ማዞሪያ) እኩሌታ ላይ አድርጋችሁ ምንም ሳትጫወቱ በግማሽ ሜትር ርቀት ስሙ። ትንሽ «ሽሽሽ» ያለ ነው። 3 ሜትር ርቃችሁም ከተሰማ ለጸሎት ቤትና ለፀጥተኛ መድረክ አይሆንም።

2. የግራ እጅ መሰላል። የባስ ወይም የኦርጋን ድምፅ ምረጡና ከመሃሉ ዶ ጀምራችሁ ነጩንም ጥቁሩንም ሳትዘሉ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሴኮንድ እየያዛችሁ እስከ መጨረሻው ውረዱ። አንዱ ኖታ ከጎረቤቱ ለይቶ ከጮኸ ወይም ሳጥኑ ከተንቀጠቀጠ ምልክት አድርጉ። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስህተት ትዝታ እየተጫወቱ መሞከር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ኖታ ብቻ ነው የሚነኩት፤ የሚያስተጋባው ኖታ ከተዘለሉት ሰባቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ በዶ ትዝታ ጥሩ የነበረው ስፒከር ድምፃዊው ቁልፍ ሲያስቀይራችሁ ጉዱ የሚወጣው ለዚህ ነው።

3. መሃሉ። ፒያኖ ላይ ከመሃሉ ዶ እስከ ሁለት ኦክታቭ ሽቅብ ኮርድ በኃይል ምቱ። ድምፁ በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው ከሆነ ወይም አንዳንዱ ኖታ ወደ ኋላ ከሸሸ ያ ጉድጓድ አለበት።

4. ጎኑ። ጓደኛችሁ ሲጫወት ከፊት ለፊት ተነሥታችሁ ወደ ጎን ተራመዱ። ብዙዎቹ ስፒከሮች በአግድም 90 ዲግሪ ያህል ይሸፍናሉ፤ ማለትም ከመሃል ወደ ግራ 45፣ ወደ ቀኝ 45። ከዚያ በፊት የጸናጽሉ ድምፅ ከጠፋ ጎን የሚቀመጥ እንግዳ ባስ ብቻ ነው የሚሰማው።

5. ጭነት። ሪትም፣ ባስ፣ ሁለት እጅ፣ በሰርግ ድምፅ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ። «ሊሚት» ወይም «ክሊፕ» የሚለውን መብራት እዩ። በከበሮ ምት አልፎ አልፎ ብልጭ ካለ ደህና ነው። ቀይ ሆኖ ከቀረ ለሥራችሁ ያንሳል። ሲያልቅ ጀርባውን በእጅ ንኩ፤ ሙቀት ይኖረዋል፤ የማያስነካ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ተዉት።

6. ሁለት ከገዛችሁ፦ ጎን ለጎን አቁማችሁ ባስ ተጫወቱ። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሁለቱን አብሩ። ሁለቱ ሲበሩ ባሱ ከጨመረ ጥሩ ነው። ከቀነሰ የአንዱ ገመድ ወይም የውስጥ ሽቦ ተገልብጧል። ገመድ አቀያይሩና ድገሙ፤ ካልተስተካከለ ችግሩ ስፒከሩ ውስጥ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

ከላይ ካሉት በተጨማሪ ሦስት ነገር። የፊት ወንፊቱን በመብራት እዩ፤ ዎፈሩ የተቀደደ ወይም በሙጫ የተጣፈ እንደሆነ ያስታውቃል። ጃኩን ሰክታችሁ በቀስታ አወዛውዙ፤ የሚንኳኳ ከሆነ መሰኪያው ላልቷል። የጀርባ ብሎኖቹ ጭንቅላት የተፋፋቀ ከሆነ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። የተቀየረ ትዊተር ሌላ ዓይነት ከሆነ ድምፁ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ማገናኘት

ሰርግ ላይ አታድርጉት፤ ቤት ውስጥ አንድ ከሰዓት ይሰጠው።

1. ሁሉም ጠፍቶ፣ ማዞሪያው ሁሉ ዜሮ ላይ ይሁን። ገመዱን ስኩ። ከኪቦርድ የሚወጣው ተራ ጃክ ገመድ ከ6 ሜትር አይለፍ፤ ከረዘመ ጉርምርምታ ይለቅማል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ኪቦርዱ አጠገብ ዲ አይ ቦክስ (የኪቦርዱን ድምፅ ለረጅም ገመድ የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) አስገቡና ከእሱ በካኖን ገመድ (ባለ ሦስት እሾኹ የማይክ ገመድ) ሂዱ።
2. የስፒከሩን መግቢያ «ላይን» ላይ አድርጉ። «ማይክ» ላይ ከቀረ ሳትጀምሩ ይሰነጠቃል።
3. በቅደም ተከተል አብሩ፦ ኪቦርድ፣ ሚክሰር ካለ ሚክሰር፣ መጨረሻ ላይ ስፒከር። ስታጠፉ በተቃራኒው፣ ስፒከር መጀመሪያ። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ሰው «ቧ!» የሚለውን ድምፅ ያውቀዋል፤ ትዊተር የሚጎዳው በእሱ ነው።
4. የኪቦርዱን ማስተር ቮሊዩም ከአራት ሦስት እጅ ላይ አድርጉ።
5. ከምትጫወቱት ሁሉ ኃይለኛውን ክፍል፣ ፊል-ኢኑን (በክፍሎች መሃል የሚገባውን የከበሮ ምት) ጨምራችሁ ተጫወቱ። ሊሚት መብራቱ ብልጭ እስኪል የስፒከሩን ጌይን ጨምሩ፤ ከዚያ ትንሽ መልሱት።
6. እዚያ ቦታ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከዚህ በኋላ ድምፅ የምትጨምሩና የምትቀንሱት በኪቦርዱ ነው።

አቀማመጥ፦ ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ በላይ፣ ከቆመ ሰው ራስ ጋር ይስተካከል፤ ይህ ወደ 1.8 ሜትር ነው። የስታንዱ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ስፒከሩ ሥር ያለው ቀዳዳ መግጠሙን ሱቅ ውስጥ እዩ። ማዕዘን ውስጥ አታስገቡት፤ ሁለት ግድግዳና ወለል ሲገናኙ ባሱ ያብጣል። ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። መሬት ላይ አጋድማችሁ ለራሳችሁ የምትሰሙበት ከሆነ «ሞኒተር» የሚለውን ምርጫ ክፈቱ፣ ባሱን ይቀንስላችኋል። ድንኳን ውስጥ የስታንዱን አንድ እግር ወደ ሰው መተላለፊያ አታዙሩ፤ ልጆች ይሮጣሉ።

ደረጃ 8፦ መብራትና ጄኔሬተር

ስፒከር የሚገድለው ከመጮህ ይልቅ መብራት ነው።

ከመሰካታችሁ በፊት ሶኬቱን በቴስተር ለኩ። ከ210 እስከ 240 ቮልት ከሆነ ስኩ። ከ200 በታች ወይም ከ250 በላይ ከሆነ ያለ ስታቢላይዘር አትንኩት። ስታቢላይዘር ስትገዙ ካርቶን ላይ ያለውን 2000 ዋት አትመልከቱ፤ ስፒከሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከኪቦርዱና ከሚክሰሩ ጋር ደምራችሁ እጥፍ የሚችለውን ውሰዱ።

ኪቦርድ፣ ሚክሰርና ስፒከር ከአንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር ይነሡ። የምግብ ማሞቂያ፣ ፍሪጅና የዲኮር መብራት ከዚያ ላይ አይጨመሩ።

መብራት ሲሄድ የመጀመሪያ ሥራችሁ የስፒከሩን ማብሪያ ማጥፋት ነው። ሲመለስ ወዲያው አታብሩ፤ ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቁና ለኩ። በጄኔሬተር ከሆነ ሞተሩ ተረጋግቶ ከለካችሁ በኋላ ስኩ፤ ነዳጅ ሊያልቅ ሲል ቮልቱ ስለሚዋዥቅ ሳይጠፋ ቀድማችሁ ስፒከሩን አጥፉ። ሬጂስትሬሽናችሁን (ኪቦርዱ ላይ ያዘጋጃችሁትን የድምፅና የሪትም ምርጫ) ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሁሉ ይሄዳል።

የአየሩ ነገርም አለ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ጠዋት በብርድ ጭናችሁ ቀን በሙቀት ታወርዳላችሁ። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ስፒከር ሰው የሞላበት አዳራሽ ሲገባ ውስጡ ሊያልበው ስለሚችል ሳይበራ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። ኮምቦልቻ ላይ የብረት ጀርባውን ለፀሐይ አትስጡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ገመድ የሚገናኝበት ቦታ ሣር ላይ እንዳይተኛ ወንበር ላይ አንሡት።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

ባሱና የመሃሉ ድምፅ ጠፍቶ ፒያኖው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ከጆሮ ማዳመጫው መውጫ በስቴሪዮ ገመድ በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ሰክታችኋል። ስፒከሩ በዚያ ገመድ የሚመጡትን ሁለት ድምፆች አንዱን ከሌላው ይቀንሳል፤ በግራም በቀኝም እኩል ያለው፣ ማለትም ባሱና ከበሮው፣ ተጣፍቶ ይቀራል። ስፒከሩ ምንም አልሆነም። የተከፈለውን ገመድ ተጠቀሙ። ገመዱ ትክክል ከሆነ «ሎው ከት» በስህተት መከፈቱን እዩ።

«ዝዝዝ» ይላል። የኪቦርዱን ጃክ ከኪቦርዱ በኩል ንቀሉ። ካልቆመ ገመዱን ቀይሩ። ከቆመ ኪቦርዱን በባትሪ ሞክሩ፤ በባትሪ ከጠፋ የመሬት ሽቦ ጣጣ ነው። ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር አንሡ፤ ያም ካልሠራ ዲ አይ ቦክስ አስገብታችሁ «ግራውንድ ሊፍት» የሚለውን ተጫኑ። የመብራት ሶኬቱን የመሬት መገናኛ በፍጹም አትቁረጡ፣ በፕላስተር አትሸፍኑ። ማይክ የያዘው ድምፃዊ ነው የሚመታው።

ይሰነጠቃል፣ መብራቱ ግን ቀይ አይደለም። ስንጥቁ ከስፒከሩ በፊት ነው፦ ኪቦርዱ ሙሉ ላይ ነው፣ ወይም የሚክሰሩ ጌይን በዝቷል፣ ወይም መግቢያው ማይክ ላይ ነው። ከኪቦርዱ ጀምራችሁ ወደ ስፒከሩ አንድ በአንድ ቀንሱ።

ቀዩ መብራት አይጠፋም። ሰው «ከፍ አድርጉት» ቢልም ከዚህ በላይ የለም። የሪትሙን ባስና ኪክ ከኪቦርዱ ሚክሰር ላይ 20 በመቶ ገደማ ቀንሱ፤ ስፒከሩ ወዲያው ይተነፍሳል፣ ዜማውም ይጎላል። ከዚያ ስታንዱን ከፍ አድርጉ፣ ወደ ጨፋሪው አስጠጉ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ዝም አለ። ሞቆ ራሱን አጥፍቷል። ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች ስፒከሩን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለውት ሊሆን ይችላል፤ ጀርባውን ግለጡ፣ አጥፍታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ፣ ባሱን ቀንሳችሁ ጀምሩ። የስፒከሩ መብራት ጨርሶ ካልበራ ግን ፊውዝ ሊሆን ይችላል። ገመዱ የሚሰካበት ሥር ትንሽ መሳቢያ ካለች ገመዱን ነቅላችሁ ክፈቷት። ፊውዙ ላይ በተጻፈው አምፔርና ዓይነት ልክ ተኩ፤ በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ አትጠቅልሉት። ሁለተኛውም ወዲያው ከተበጠሰ ሦስተኛ አትሞክሩ፤ ገመዱን ንቀሉ፣ ኪቦርዱን በድምፃዊው ስፒከር ቻናል 2 ላይ «ላይን» አድርጋችሁ ስኩና ምሽቱን በእሱ ጨርሱ።